አስቸኳይ፦ ፑል ሪኩዌስቴ ላይ ቀይ ኤክስ መጣ፣ ላፕቶፔ ላይ ግን ይሠራል

ማራኪ_ጎንደር (ጠያቂ)
እባካችሁ ድረሱልኝ። የአንድ ሶፍትዌር ፕሮጀክት መመሪያ (ዶክመንቴሽን) የአማርኛ ትርጉም ፑሽ ካደረግሁ፣ ማለትም ወደ ጊትሀብ ከላክሁ በኋላ፣ ለውጤን እንዲቀበሉ በጠየቅሁበት ፑል ሪኩዌስት ላይ አውቶማቲክ ፍተሻው (ቼኩ) ይወድቃል። እኔ ጋ ግን ገጹ ያለምንም ችግር ይከፈታል። «ኢንላይን ሊትራል ስታርት ስትሪንግ ዊዝአውት ኤንድ ስትሪንግ» ይላል፣ የከፈትሽው ምልክት መዝጊያ የለውም ማለቱ ነው መሰለኝ። ገምጋሚው ዛሬ ማታ ሊያየው ነው፣ መብራት ደግሞ እየሄደ እየመጣ ነው።

አዘዞ_በር
ፎልደሩን አጥፊና እንደገና ክሎን አድርጊ፣ ማለትም አዲስ ቅጂ ከጊትሀብ አውርጂ።

ጋሽ_ተርሚናል
ልጄ፣ እንዲህ ተጠይቆ እንዴት ይመለስ? ጽሑፉ የተጻፈበት የቅርጽ ምልክት ማርክዳውን ነው ወይስ ሪስትራክቸርድቴክስት? በምን ይገነባል? የወደቀው የትኛው መስመር ነው? ሎጉን በስክሪንሾት ሳይሆን በጽሑፍ ለጥፊ፣ ስክሪንሾት ውስጥ መፈለግ አይቻልም። ደግሞም ሃያ ፋይል በአንድ ፑል ሪኩዌስት የሚልክ ሰው ገምጋሚ አያገኝም። አንድ ፋይል፣ አንድ ፑል ሪኩዌስት። የፕሮጀክቱን የአስተዋጽኦ መመሪያ አንብበሻል?

ማራኪ_ጎንደር
አንብቤያለሁ ጋሼ። ሪስትራክቸርድቴክስት ነው፣ ገጹን የሚገነባው ስፊንክስ ነው፣ ትርጉሙ ፒኦ የሚባል የትርጉም ፋይል ውስጥ ነው። መስመሩ ይኸው፦
``ፒፕ``ን ተጠቅመው ይጫኑ።

ቀበሌ_18
ለመሆኑ ማን ያነበዋል? ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው እንግሊዝኛ ያነባል። የእንግሊዝኛው የመጫኛ ገጽ ራሱ ያረጀ ይሆናል፣ እሱን ብታስተካክዪ ለሁሉም ይጠቅማል።

ደባርቅ_መንገድ
@ቀበሌ_18 አንደኛ ዓመት ተማሪ ተርሚናል ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የመጫኛውን ገጽ ነው። ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውን ስህተት የሚያገኘውም ብዙ ጊዜ ተርጓሚው ነው፣ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የሚያነብ ሌላ ሰው የለማ።

አዘዞ_በር
እንደገና ክሎን ብታደርጊው ይለቅሻል እያልኩ ነው።

ቀሃ_ወንዝ
በዚህ ኔትወርክ? ለጥምቀት ይደርስላታል። ግድ ከሆነ እንኳ ዴፕዝ 1 ብላ የመጨረሻውን ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ብቻ ታውርድ።

ፊደል_ቆጣሪ
ክሎኑን ተዉት። ጥፋቱ የ«ን» ነው። ሪስትራክቸርድቴክስት ከሚዘጋው ባክቲክ (የ` ምልክት) ቀጥሎ ክፍት ቦታ ወይም ሥርዓተ ነጥብ ይፈልጋል፤ ፊደል ከተጣበቀበት መዝጊያ መሆኑን አያውቅም። እንግሊዝኛ ላይ እምብዛም አያጋጥምም፣ እኛ ግን ን፣ ም፣ ና ሁሉ እናጣብቃለን። መሃል ላይ ባክስላሽና አንድ ስፔስ ይግባ፣ ሁለቱም ገጹ ላይ አይታዩም። ፒኦ ፋይሉን በተራ ኤዲተር ስለምትከፍቺው ባክስላሹ ሁለት ይሁን፦
``ፒፕ``\\ ን ተጠቅመው ይጫኑ።
አንድ ብቻ ከጻፍሽ የፒኦ ፋይሉ ራሱ ስህተት ይሆናል።

የባሰው ከፊት የሚጣበቀው ነው። በ``ፒፕ`` ብለሽ ከጻፍሽ ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም፤ ቼኩ አረንጓዴ ሆኖ ባክቲኮቹ ግን ገጹ ላይ እንዳሉ ይወጣሉ። እሱም በ\\ ``ፒፕ`` ይሁን። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ችግር የላቸውም።

ሁሉንም ለማግኘት ቪኤስ ኮድ በሚባለው ኤዲተር ፍለጋ ላይ የሬጀክስ (በንድፍ የመፈለጊያ) ቁልፉን ተጭነሽ እነዚህን ሁለቱን ፈልጊ፦
``[ሀ-ፚ]
[ሀ-ፚ]``
ባክቲኩ ውስጥ ያለው ትዕዛዝ በላቲን ፊደል እስከሆነ ድረስ የሚያወጣልሽ የተጣበቀውን ብቻ ነው።

ደባርቅ_መንገድ
ባክስላሽ የሚያስጠላው ገምጋሚም አለ። «``ፒፕ`` የተባለውን መሣሪያ ተጠቅመው» ብትዪ ከነጭራሹ አያስፈልግም። ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ግን ከአንቺ ቀጥሎ የሚተረጉመው ሰው አያበላሸውም።

ጋሽ_ተርሚናል
ላፕቶፕሽ ላይ ለምን እንዳለፈ ማንም አልነገራትም። ጊትሀብ ላይ ያለው ግንባታ በትልቁ ዳብሊው (-W) አማራጭ ነው የሚሮጠው፣ ማለትም ማስጠንቀቂያውን ሁሉ እንደ ስህተት ይቆጥራል። አንቺ ጋ ያው ማስጠንቀቂያ ተርሚናሉ ላይ አልፏል፣ አላየሽውም። ደግሞ ስፊንክስ የሚያነበው የተቀየረውን ፋይል ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ጊዜ ስትገነቢ የድሮው ማስጠንቀቂያ አይደገምም። ፑሽ ከማድረግሽ በፊት ሜክ ክሊን በዪ (የድሮውን ግንባታ ያጠፋል)፣ ከዚያ በትልቁ ዳብሊው ገንቢ።

ቀሃ_ወንዝ
ጋሼ ዛሬ ደህና ተናገሩ 😄 «ፈዚ» (ገና ያልተረጋገጠ) የሚል ምልክት ያለባቸውን ትርጉሞችም እዪአቸው። ምልክቱ ካልተነሳ ትርጉምሽ ይዘለልና እንግሊዝኛው ይወጣል። ትርጉሙ ትክክል መሆኑን ሳታረጋግጪ ግን አታንሺው።

ማራኪ_ጎንደር
ያኛው አለፈ!! አሁን ደግሞ «ዲሲኦ» የሚባል ሌላ ቀይ አለ። ሦስቱም ኮሚት ላይ። ይሄ ምንድን ነው?

ቀበሌ_18
አላልኩም?

ፊደል_ቆጣሪ
ሥራው የራስሽ መሆኑን ወይም የማስገባት መብት እንዳለሽ የምታረጋግጪበት የፊርማ መስመር ነው። ለአንድ ኮሚት አሜንድ (የመጨረሻውን ኮሚት የሚያስተካክለው) ከነ ትንሿ ኤስ (-s) ይበቃ ነበር። ሦስት ስለሆኑ ጊት ሪቤዝ (ኮሚቶቹን መልሶ የሚጽፈው) ከነ ሳይንኦፍ (ፊርማውን የሚጨምረው)፣ መነሻው የፕሮጀክቱ ዋና ብራንች (የሥራ መስመር)። ከዚያ ፑሽ በፎርስ ዊዝ ሊዝ፣ በተራው ፎርስ አይደለም፤ ገምጋሚው ብራንችሽ ላይ የጨመረው ነገር ካለ ተራው ይደመስስብሻል። ፊርማው ላይ ያለው ስምና ኢሜይል ከኮሚቱ ጸሐፊ ጋር ካልገጠመ ቀይ እንደሆነ ይቀራል፣ ጊት ኮንፊግሽ (የጊት ቅንብርሽ) ላይ ምን ተጽፏል?