በግእዝ አኃዝ ዜሮ ለምን የለም?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሒሳብ መምህር ነኝ። ከአንኮበር የመጣ አንድ ተማሪዬ በግእዝ አኃዝ ዜሮ ለምን እንደሌለ ጠይቆኝ በቂ መልስ አጣሁለት፤ ለመሆኑ ዜሮን ማን ጀመረው?

መልስ፦ መምህር፣ ግእዝ ለዐሥር ፲፣ ለሃያ ፳፣ ለመቶ ፻ እያለ የተለየ ምልክት ስላለው፣ ባዶ ቦታን የሚጠብቅ አኃዝ አላስፈለገውም። ከ102 ላይ ዜሮውን ቢያነሡት 12 ይሆናል፤ ፻፪ ግን ያለ ዜሮም ያው ነው። ባቢሎናውያን ለባዶው ቦታ ምልክት ቢያበጁም እንደ ቁጥር አላሰሉበትም፤ ዜሮን የመደመርና የመቀነስ ደንብ እ.ኤ.አ. በ628 የጻፈው ሕንዳዊው ብራህማጉፕታ ነው። (ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ዜሮ ነው ማለቱ ግን ስሕተት ነበር።)

ሌላ መልስ፦ ስሙም የራሱ ጉዞ አለው፤ ሕንዶች «ሹንያ»፣ ማለትም ባዶ፣ ያሉትን ዐረቦች «ሲፍር» ብለው ተረጎሙት፤ ከዚያም በላቲንና በጣሊያንኛ በኩል «ዜሮ» ሆነ።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገ 102ንና ፻፪ን ጎን ለጎን በሰሌዳ ላይ እጽፍለታለሁ።