ለሱቅና ለቢሮ የሚሆን ፋይል ማኔጀር ጥቆማ፦ አዲስ ፋይል ምን ፈቃድ ይዞ እንደሚወለድ ሳታዩ አትግዙ

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፦
ሰላም ድሬዎች። የሰርግ ፎቶና የባነር ማተሚያ ቤት አለኝ፣ አራት ሠራተኛ ነን። ፋይል በፍላሽ ማመላለስ ሰልችቶናል። በብሮውዘር ተከፍቶ የሚጫንበትና የሚወርድበት ነገር እንፈልጋለን። አንዱ ሆስቲንግ (በኢንተርኔት የሚከራይ የሰርቨር ቦታ) ግዙ ይለናል፣ ሌላው ሰርቨር ቢሯችሁ አስቀምጡ ይላል። የሞከራችሁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።

መልስ፣ ከከዚራ፦
እህቴ፣ እኔም ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። ብዙ ሰው የሚነግርሽ ስለ ዋጋውና ስለ መልኩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቂ እላለሁ፦ በብሮውዘር የተጫነ አዲስ ፋይል ምን ፈቃድ ይዞ ይቀመጣል፣ ማለትም ማን ያነበዋል፣ ማን ያርመዋል? መቀየርስ ይቻላል?

እኛ ጋ ደንበኛ ያመጣውን ፋይል ፊት ጠረጴዛ ላይ ያለችው ልጅ በብሮውዘር ትጭናለች፣ ዲዛይነሩ ደግሞ ያንኑ ፎልደር ከውስጥ ክፍል በኔትወርክ ይከፍታል። አንድ ሐሙስ የሙሽሪት ስም ላይ የተሳሳተች ፊደል አርሞ ሴቭ ሲል አልፈቅድም አለው። ደንበኛው በር ላይ ቆሟል። ቸኩሎ «የመጨረሻ» የሚል ስም ሰጥቶ የራሱ ዴስክቶፕ ላይ አስቀመጠው። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ሰርቨሩ ላይ ያገኘውን አሮጌውን አተመ። ሦስት ሜትር ባነር ስሙ እንደተሳሳተ ወጣ። በኋላ ስናየው የፋይሉ ፈቃድ 640 ነበር።

ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል፦ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1። የመጀመሪያው አሃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የግሩፑ (ሰርቨሩ ላይ አንድ ላይ የተመደቡ ተጠቃሚዎች)፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ ነው። 640 ማለት ባለቤቱ ያነባል ይጽፋል፣ ግሩፑ ያነባል ብቻ፣ ሌላው ምንም። በብሮውዘር የገባ ፋይል ባለቤቱ ፕሮግራሙ ራሱ ነው፤ ዲዛይነራችን ግሩፕ ውስጥ ስለነበር ማየት እንጂ ማረም አልቻለም።

አሁን የምንጠቀመው ፋይል ብራውዘር የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ከታይዋን ገበያ በገዛነው ያገለገለ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭነን አስቀመጥነው። አዲስ ነገር ብዙም አይጨመርበትም፣ ጥገና ላይ ነው ያለው፤ ለኛ ሥራ ግን ይበቃል። አዳዲሶቹ ቅጂዎች ፋይልን በ640፣ ፎልደርን በ750 ይፈጥራሉ፣ ቅንብሩ ላይ ይቀየራል። እኛ 660 እና 770 አደረግነው፣ ከዚያም አልሠራ አለ። ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል፣ እናንተ እንዳትደክሙ ልንገራችሁ፦ ሊኑክስ ላይ ዩማስክ የሚባል አለ፣ ፕሮግራሙ ከጠየቀው ፈቃድ ላይ ይቀንሳል። ዩማስኩ 022 ከሆነ 660 ብትጠይቂም የሚወለደው 640 ነው፤ የግሩፑን መጻፍ ይወስደዋል። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው) ፋይል ብራውዘርን ሲያስነሳ በ002 ዩማስክ እንዲያስነሳው አድርጊ። ዋናውን ፎልደር ደግሞ 2770 አድርጊ፤ ያቺ የፊቷ 2 በውስጡ የሚፈጠር ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲይዝ ታደርጋለች። ከዚያ ወዲህ ዲዛይነሩ ያርማል፣ ሴቭ ያደርጋል፣ አንድ ፋይል ብቻ አለ።

ከሌሎቹ ፕሮግራሞች ኔክስትክላውድ ጥሩ ነው፣ ግን በጎን በኔትወርክ ፎልደሩን ለሚነካ ቤት አልመክረውም። ፋይሎቹን በዳታቤዝ ስለሚመዘግብ ከጎኑ የተለወጠውን እንደገና ካልተቃኘ አያውቀውም። ታይኒ ፋይል ማኔጀር በፒኤችፒ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የተጻፈ አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ለመጫን አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ የአዲስ ፎልደር ፈቃድ የሚወሰንበት ቦታ ግን ቅንብሩ ላይ አላገኘሁም፣ ይዞት የሚመጣውንም የይለፍ ቃል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፣ ወዲያው ቀይሩት። ፕሮግራመር ካላችሁ ኤልፋይንደር ይሻላል፤ ለፋይል 0644፣ ለፎልደር 0755 ተጽፈው ይመጣሉ፣ ሁለቱንም መቀየር ይቻላል።

ሆስቲንግ የሚሻለው ድረ ገጽ ላለው ነው። ባነር የሚያህል ፋይል በየቀኑ በኢንተርኔት መጫን ለእናንተ ሥራ አይሆንም።

ጥያቄ፣ ከሐረር፦
ወንድሜ፣ እኔ ጀጎል ውስጥ ላለ የእንግዳ ማረፊያ ድረ ገጽ እሠራለሁ፣ ሆስቲንጉ የሚተዳደረው ሲፓነል በሚባለው ፕሮግራም ነው። ምስል አልጫን ሲል አንድ ባለሙያ «ሁሉንም 777 አድርገው» አለኝ። አደረግኩት፣ ገጹ ጭራሽ 500 ስህተት አወጣ። መልሼ ሁሉንም 644 ሳደርገው ደግሞ ፎልደሮቹ አልከፈት አሉ።

መልስ፣ ከከዚራ፦
አቦ፣ 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ሁሉ ገብቶ ይጻፍበት ማለት ነው። ብዙ ሆስቲንጎች ፒኤችፒን በራስህ ዩዘር ነው የሚያስኬዱት፤ እንዲህ ያለው ሰርቨር ማንም ሊጽፍበት የሚችል ፋይል ሲያይ አላስኬድም ይላል፣ 500ው ከዚያ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ 1ዱን ስላጠፋህበት ነው። ፎልደር ላይ 1 ማለት መግባት ነው፤ 644 የሆነ ፎልደር ስሙ ይታያል፣ ውስጡ አይገባም። ፋይሎቹን 644፣ ፎልደሮቹን 755፣ ለየብቻ አድርጋቸው። ተርሚናል ከሰጡህ ፋይንድ በሚባለው ትእዛዝ ፎልደሩን ብቻ ለይተህ ቀይር፣ ቀጥለህ ፋይሉን። የድረ ገጹ ፋይሎች ያሉበት የፐብሊክ ኤችቲኤምኤል ፎልደር ራሱ 750 ሆኖ ካገኘኸው ግን ተወው፣ ሲፓነል ሆን ብሎ ነው። ዎርድፕረስ ከሆነ የይለፍ ቃል ያለበትን የኮንፊግ ፋይል 440 አድርገው። ምስሉ ከዚህ በኋላም አልጫን ካለ የፋይሎቹን ባለቤት እዩልኝ ብለህ ለሆስቲንጉ ጻፍላቸው፤ ቁጥሩ ልክ ሆኖ ባለቤቱ ሌላ ዩዘር ከሆነ ያንን የሚያስተካክሉት እነሱ ናቸው።