ወንድሜ እናታችን ጋር እንዲገባ ማን ይርዳን?

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ወንድሜ በወሲብ ጥቃት ተፈርዶበት፣ እስሩን ጨርሶ ወጥቷል። ያደረሰው ጉዳት ከባድ ነው፤ ላቃልለው አልፈልግም። አሁን ግን መኪና ውስጥ ነው የሚያድረው። እዚህ እንደ እሱ የተፈረደበት ሰው በመንግሥት የወሲብ ጥፋተኞች መዝገብ ላይ ይመዘገባል፤ ቤት የሌለው ተመዝጋቢ ደግሞ በየሳምንቱ ቀርቦ መመዝገብ አለበት። ሥራና ሕክምና ይዞ ይህን መቻል ከባድ ነው። መጠለያ ማጣቱ ደግሞ ለማንም ደኅንነት አይበጅም።

እናታችን ብቻዋን የምትኖረው የፌዴራል መንግሥት ኪራዩን በሚደጉመው አፓርታማ ነው። ቤቷ ልጅ የለም። የወንድሜ ስም የኪራይ ውሏ ላይ እንዲገባ ስታመለክት የአፓርታማው አስተዳዳሪዎች «የፌዴራል ሕግ ይከለክላል» የሚል ደብዳቤ ሰጧት። የፌዴራሉ ክልከላ ግን ዕድሜ ልክ የመመዝገብ ግዴታ ላለባቸው ነው። ወንድሜ በመዝገቡ ሁለተኛ ደረጃ (Tier II) ላይ ነው፤ ምዝገባው 25 ዓመት ነው። ይህን የሚያሳየውን የምዝገባ ወረቀቱን ሳሳያቸው «ባለንብረቱም የራሱ ደንብ አለው» አሉኝ። ደንቡን በጽሑፍ ስጠይቅ ዝም። እማዬ ደግሞ ነገሩን ስንገፋ እኔንም ያስወጡኛል ብላ ፈርታለች፤ አልፈርድባትም።

ነፃ የሕግ አገልግሎት ሰጪዎች ጋር ደውያለሁ። የቤት ጉዳይ የሚይዙት ምዝገባውን አያውቁትም፣ የወንጀል ጉዳይ የሚይዙት የቤቱን አይነኩም።

ሁለቱንም ሕግ አብሮ የሚያውቅ፣ የእማዬን ቤት አደጋ ላይ ሳይጥል ውሳኔውን የሚከራከርልን ጠበቃ ወይም ድርጅት ሜሪላንድ ውስጥ የት አገኛለሁ?