ያለጊዜዋ የተወለደች ልጄ ከሲኒ መጠጣት አልለመደችም፤ እርዱኝ

እናቶች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ልጄ በ32 ሳምንቷ ተወልዳ፣ የአፍንጫ ቱቦዋ ከወጣ በኋላ ወደ ቤት ገብተናል። ጡት ጥቂት ትስብና ይደክማታል። ስለዚህ የታለበ ወተቴን በትንሽ ሲኒ እንድሰጣት፣ ጡጦ ግን እንዳላስለምዳት ተነግሮኛል።

ነርሷ አሳይታኛለች፤ ሕፃኗን ቀና አድርጎ መያዝ፣ የሲኒውን ጠርዝ በታችኛው ከንፈሯ ላይ ቀለል አድርጎ ማሳረፍ፣ ወተቱ ከንፈሯን እስኪነካ ብቻ ማዘንበል፣ አፏ ውስጥ ፈጽሞ አለማፍሰስ። በነርሷ እጅ ምላሷን አውጥታ እንደ ድመት ግልገል እየላሰች ጠጣች። በእኔ እጅ ግን ወተቱ በአገጯ ወርዶ አንገቷ ሥር ያለውን ጨርቅ ያርሳል። አንዳንዴም ከንፈሯን ግጥም አድርጋ እንቅልፏን ትቀጥላለች።

አማቴ «አፏን ከፈት አድርገሽ በመዳፍሽ አንቆርቁሪላት፤ እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው» ይላሉ። ወደ ሳንባዋ ይገባል ብዬ እምቢ ብያለሁ፤ በአራስ ቤት አማትን እምቢ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ!

ከመስጠታችሁ በፊት እንዴት ነው የምታነቋት? ደረቴ ላይ ታቅፌያት ስትቆይ ትነቃቃለች፤ ሲኒውን ሳነሣ ግን መልሳ ታንቀላፋለች። የፈሰሰውንስ በምን ትገምቱታላችሁ? የቡና ሲኒ ይሻላል ወይስ የመድኃኒት መለኪያ? የክብደት ቀጠሮዋ ሐሙስ ነው፤ ከዚያ በፊት ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።