የሚኒ ዲቪ ካሴት ወደ ኮምፒውተር፦ ዩኤስቢው ፎቶ ብቻ ነው የሚያሳየኝ

ጥያቄ፦ የሰሚቷ

ሰላም ለሁላችሁ። ቤታችን ወደ 10 የሚሆኑ ትንንሽ የቪዲዮ ካሴቶች አሉ፤ ላያቸው ላይ ሚኒ ዲቪ ይላል። የእህቴ ሰርግ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ፣ የልጆቹ ክርስትና፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ካሜራው አጎቴ ከአሜሪካ ያመጣው ሶኒ ነው። እስካሁን ይሠራል፤ በትንሿ ስክሪን አጫውቼ አይቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ በዩኤስቢ ስሰካው ግን የሚመጣልኝ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ብቻ ነው፤ ቪዲዮው የለም። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 11 ነው። ሌላ አንድ ወፈር ያለ ካሴትም አለ፤ ሃይ 8 ይላል፤ እሱ ካሜራው ውስጥ ጭራሽ አይገባም። ስቱዲዮ ልወስዳቸው አስቤ ነበር፤ ካሴቶቹን ጥዬ መሄድ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ የድሮ ካሜራማን

ልጄ፣ የተበላሸ ነገር የለም። እነዚያ ካሜራዎች ላይ ያለው ዩኤስቢ በአብዛኛው ለፎቶ የተሠራ ነው። የካሴቱ ቪዲዮ የሚወጣው በሌላ ቀዳዳ ነው። የካሜራውን ጎንና ጀርባ ፈትሺ፤ ትንሽ የላስቲክ ክዳን ሥር ዲቪ ወይም አይሊንክ የሚል ባለ 4 ፒን ቀዳዳ ታገኛለሽ። ፋየርዋየር የሚባለው እሱ ነው። ሶኒ ነው አይሊንክ የሚለው፤ ስሙ እንዳያደናግርሽ።

አዲስ ላፕቶፕ ላይ ይህ መሰኪያ የለም። የፋየርዋየር ካርድ የተገጠመለት ዴስክቶፕ ፈልጊ። እኛ ሰርግ ኤዲት የምናደርግባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ይህ ካርድ ነበራቸው። አንዳንድ አሮጌ ላፕቶፖችም ጎናቸው ላይ ትንሹ ቀዳዳ አላቸው። ገመዱ በአንድ ጫፍ 4 ፒን፣ ለዴስክቶፕ ከሆነ በሌላው ጫፍ 6 ፒን መሆን አለበት።

አደራ፣ ገመዱን የምትሰኪው ካሜራውም ኮምፒውተሩም ጠፍተው ነው። 6 ፒን ያለው ጫፍ ኤሌክትሪክ ይዞ ይመጣል። ተገልብጦ ከገባ ወይም እየበራ ከተሰካ የካሜራውን መሰኪያ ሊያቃጥለው ይችላል። በዚህ ምክንያት የሞተ ብዙ ካሜራ አይቻለሁ።

መልስ፦ አይቲ ነኝ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፋየርዋየር ፍለጋ ስትዞሪ ወር ሊሞላሽ ይችላል። ቪዲዮ ካፕቸር የሚባለች በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ ዕቃ አለች፤ ዋጋዋም ቀላል ነው። ከካሜራው ጋር የመጣውን ባለ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ እሷ ላይ ትሰኪያለሽ። ላፕቶፕሽ ላይ ኦቢኤስ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጭነሽ፣ ካሜራው ላይ ፕሌይ ብለሽ ትቀጂያለሽ። አለቀ።

መልስ፦ የድሮ ካሜራማን

ወንድሜ፣ አላለቀም። ካሴቱ ላይ ያለው ዲጂታል ነው። በፋየርዋየር ሲሄድ የተቀረጸው እንዳለ ይገለበጣል፤ ከጥራቱ የሚጎድል ነገር የለም። በቢጫው ገመድ ስታወጣው መጀመሪያ ወደ አናሎግ ይቀየራል፣ ቀጥሎ ያቺ ርካሽ ዕቃ እንደገና ወደ ዲጂታል ትመልሰዋለች። ቀለሙ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴ ድምፁና ምስሉ ይለያያሉ። ሰርግ ሁለቴ አይቀረጽም፤ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው ወደ እሷ የሚኬደው።

መልስ፦ አይቲ ነኝ

እሺ ተሸነፍኩ 😀 አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሱቅ ውስጥ አንድ ጫፉ ፋየርዋየር፣ ሌላው ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ሊሸጡልሽ ይችላሉ። እንዳትገዢ። ውስጡ ሽቦ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ቪዲዮ አያልፍበትም።

ዴስክቶፑ ዊንዶውስ 7 ቢሆን ይሻልሻል። በ10 እና በ11 ካሜራው አልታይ ሊል ይችላል፤ ያኔ ሌጋሲ የሚባለውን የድሮ የፋየርዋየር ድራይቨር መጫን ያስፈልጋል። ለመቅዳት ዊንዲቪ የሚባል በጣም ትንሽ ነፃ ሶፍትዌር አለ። መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። ሲቀዳ የተቀረጸበትን ቀንና ሰዓት ከካሴቱ አንብቦ በፋይሉ ስም ላይ ያስቀምጥልሻል። ካሜራው ሲቀረጽ ቀኑ ተስተካክሎ ከነበረ ማለቴ ነው። ቀኑ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አትርሺ። ካሴቱ ላይ ጥር 1997 ተብሎ ከተጻፈ ፋይሉ 2005 ቢል ትክክል ነው። ፎልደሩን ስትሰይሚ ሁለቱንም ጻፊው፣ ኋላ ማንም እንዳይምታታበት።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ካሜራው ከአሜሪካ ከሆነ የቪዲዮ ሥርዓቱ ኤንቲኤስሲ ነው፤ ኢትዮጵያ የምንጠቀመው ደግሞ ፓል የሚባለውን ነው። በፋየርዋየር ከሆነ ብዙም አያስጨንቅሽም፤ ፋይሉ 720 በ480 ሆኖ ይመጣል። በቢጫው ገመድ ከሆነ ግን ሶፍትዌሩ ላይ ኤንቲኤስሲ የሚለውን ምረጪ። ፓል ላይ ከተውሽው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችላል። የቻርጀሩንም ጽሑፍ እይው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬቱን ጫፍ ብቻ መቀየር ነው። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር እንዳትሰኪው።

አሜሪካ ላለ ዘመድ ካሴቶቹን ለመላክ ካሰብሽ ደግሞ ማኩን አስቀድሞ ይይ። አፕል በ2025 ባወጣው ማክኦኤስ ታሆ በሚባለው የማክ ሲስተም ላይ ፋየርዋየርን አስቀርቶታል። አሮጌ ማክ ያስፈልጋል።

የሰሚቷ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ወንድም ጋ ካርድ ያለው ዊንዶውስ 7 ዴስክቶፕ ተገኘ፤ ካሜራውም ወዲያው ታየ! ግን ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛው ካሴት ምስሉ በትንንሽ አራት ማዕዘን እየተቆራረጠ ድምፁም ይጠፋል። ሁለተኛ፣ ፍላሼ 64 ጊጋ ነው፣ ቦታ አለው፤ ግን ፋይሉ አልገለበጥም አለ።

መልስ፦ የድሮ ካሜራማን

መቆራረጡ ብዙውን ጊዜ የሄድ (ካሴቱን የሚያነበው የካሜራው ክፍል) ቆሻሻ ነው። ደረቅ የሚኒ ዲቪ ማጽጃ ካሴት አስገብተሽ ጥቂት ሰከንድ ብቻ አጫውቺ። ደጋግመሽ አታድርጊው፤ ሄዱን ይፍቀዋል። ከዚያ ካሴቱን እስከ መጨረሻው አጠንጥነሽ መልሰሽ ጀምሪ። ለዓመታት ያልተነካ ካሴት እርስ በርሱ ይጣበቃል። ካሴቱ ኤልፒ በሚባለው ተቀርጾ ከሆነ ደግሞ (60 ደቂቃውን 90 ለማድረግ የሚጠቀሙበት ነው) ከቀረጸው ካሜራ ውጪ ሲጫወት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ያንቺ ካሜራ ራሱ ከሆነ የቀረጸው ዕድለኛ ነሽ።

ሁሉንም ከማስገባትሽ በፊት በካሴቱ መስኮት በኩል ጥቅሉን በብርሃን እይው። ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለበት ሻጋታ ነው። እንዳታስገቢው! ሄዱን ይበክልና ከዚያ በኋላ የሚገባውን ካሴት ሁሉ ያበላሻል። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያም ሴቭ ወደሚለው ግፊያት፤ ሳታስቢ ሪከርድ ብትነኪ እንኳ አይጠፋም።

መልስ፦ አይቲ ነኝ

ፍላሹ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ነው። ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ ያለውን አውጥተሽ ኤክስፋት አድርገሽ ፎርማት አድርጊው። የአንድ ሰዓት ዲቪ 13 ጊጋ አካባቢ ነው፤ 10ሩ ካሴት 130 ጊጋ ስለሚሆን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይሻልሻል። ደግሞም አይፈጥንም፦ 60 ደቂቃ ካሴት 60 ደቂቃ ይወስዳል። ዴስክቶፕ ስለሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካለ ተጠቀሚ፤ መብራት መሃል ላይ ከሄደ ያ ፋይል ላይከፈት ይችላል።

ለዘመድ ለመላክ ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ወደ ኤምፒ4 ቀይሪው። ዲኢንተርሌስ የሚለውን አብሪው፤ አለበለዚያ እስክስታው ላይ ትከሻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይታያል። አንዱ ሰዓት ከ2 ጊጋ በታች ከሆነልሽ በነፃው ቴሌግራም ይሄዳል፤ እንደ ፋይል ላኪው እንጂ እንደ ቪዲዮ አይደለም። 13 ጊጋውን ግን እንዳትሰርዢው።

የሰሚቷ

ማጽጃው ሠርቷል፤ የመልሱ ካሴት ጥርት ብሎ እየገባ ነው። ሃይ 8ቱስ? አንድ ሰው ቪኤችኤስ ዴክ (የትልቁ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ) ውስጥ የሚያስገባ ማቀፊያ አለ አለኝ።

መልስ፦ ጅዳ ነኝ

የለም። ማቀፊያ ያለው ቪኤችኤስ ሲ ለሚባለው ትንሹ የቪኤችኤስ ካሴት ነው፤ የሃይ 8 ክር ስፋቱም አቀራረጹም ሌላ ነው። ሶኒ በ1999 ማውጣት የጀመራቸው ዲጂታል 8 የሚባሉ ካሜራዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሞዴሎች ሃይ 8ን አጫውተው በፋየርዋየር ያወጡታል፣ ሁሉም ግን አይደሉም። ስትጠይቂ ሃይ 8 ያጫውታል ወይ ብለሽ ጠይቂ፤ ፓል ይሁን ኤንቲኤስሲም አጣሪ። ካልተገኘ ተራ የሃይ 8 ካሜራ ተውሰሽ የአይቲውን ርካሽ ዕቃ የምትጠቀሚው እዚህ ላይ ነው። ኦቢኤስ ላይ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርገሽ ቅጂው፤ መብራት ቢሄድ እስከዚያ የተቀዳው ይተርፋል። እኔ ጋ አንድ ዲጂታል 8 አለ፣ ፓል ነው። ካሴቱ የተቀረጸው የት ነው?

የሰሚቷ

እዚያው ጅዳ! አክስቴ ናት ያመጣችው።

መልስ፦ ጅዳ ነኝ

እንግዲያው ፓል ሳይሆን አይቀርም። ለገና ስመጣ ካሜራውን ይዤው እመጣለሁ፤ ዴስክቶፑን እንዳትመልሺው።