ዳይፐር ሲቀየርለት አልተኛም ያለኝን ልጅ ምን ላድርገው?

እናቶችና አባቶች፣ እስቲ እርዱኝ። የ9 ወር ወንድ ልጅ አለኝ። ባለቤቴ ሥራ ስለጀመረች አራት ኪሎ ቤታችን አብሬው የምውለው እኔ ነኝ።

ዳይፐሩን ገና ስፈታ ይገለበጥና መዳህ ይጀምራል። እንዳይወድቅ ብዬ አልጋ ላይ መቀየሩን ትቻለሁ። መሬት ላይ ፍራሽ አነጥፌ፣ ንጹሑን ዳይፐር፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ጥጥና ቫዝሊን አጠገቤ ሳላደርግ አልጀምርም። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ጀሪካኑም አይረሳም። ሽንቱንስ ለምጄዋለሁ። አየር ሲነካው ስለሚረጭ ቶሎ ጨርቅ ጣል አደርግበታለሁ። ፊቴ ላይ ካረፈማ ለእሱ ሳቅ ነው!

የጨነቀኝ ካካ ሲኖር ነው። በአንድ እጄ እግሮቹን ይዤ በሌላው ስጠርግ፣ እሱ ደግሞ እጁን እዚያው ይሰዳል። ማንኪያ ብሰጠው ይወረውራል። ስልክ ማስለመድ አልፈልግም። ተደግፎ እንደቆመ የምትቀይሩ አላችሁ? ካካ ሲሆንስ ይሆናል?

ፒያሳ ስትወጡስ የት ነው የምትቀይሩት? እኔ የገባሁባቸው ካፌዎች ልጅ ማስተኛ ቦታ የላቸውም።

ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ "ፓውደር ነስንስበት" ይሉኛል። ብናኙን ወደ ሳንባው እንዳይስበው ስለምፈራ አላደርገውም። ሳላስቀይማቸው ምን ልበላቸው?