የቀን መምረጫ ኮምፖነንቴ አሮጌውን ቀን ነው ሴቭ የሚያደርገው! ዊኬት (የጃቫ ዌብ ፍሬምወርኩን) የምታውቁ ድረሱልኝ

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለገሃር ደንበኛችን ጋ ሄደን ሲስተም እናስረክባለን። የተበላሸው ደግሞ አሁን ነው።

የሠራተኛ መመዝገቢያ ነው። የትውልድ ቀን፣ የቅጥር ቀን፣ የውል ማብቂያ ቀን ይሞላበታል፤ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር። በየገጹ ድሮፕዳውን ኮፒ ማድረግ ሲሰለቸኝ አንድ ኮምፖነንት ሠራሁ። ቀን፣ ወር፣ ዓመት ይመረጥበታል። የራሱ ጃቫ ክላስና የራሱ ኤችቲኤምኤል አለው፤ የፈለጉት ገጽ ላይ ማስገባት ነው። የሙከራ ገጹ ላይ አንድም እንከን አልነበረበትም።

ዋናው ፎርም ላይ ሳስገባው ግን ጉድ ፈላ። የቅጥር ቀኑ መስከረም 5 ነበር። ወደ ጥቅምት 10 ቀይሬ ሴቭ ስል መስከረም 5 ይቀመጣል። ምንም ሳልነካ እንደገና ሴቭ ስል ጥቅምት 10 ይገባል። ኤረር የለም፣ ሎጉ ንጹሕ ነው።

ሌላም አለ። የቅጥር ቀን ላይ ጳጉሜን ስመርጥ የቀኑ ዝርዝር ማጠር ነበረበት። የሚያጥረው የትውልድ ቀኑ ዝርዝር ነው! እባካችሁ።

ጀማሪው_ነኝ፦
ዊኬት ኤችቲኤምኤሉ ላይ አይዲ እንዲያወጣ ሴት አውትፑት ማርክአፕ አይዲን ትሩ አድርገው። እኔ ጋ ሁሌ የሚፈታው እሱ ነው።

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
አድርጌዋለሁ፣ ለውጥ የለም። እሱ ደግሞ ለአጃክስ፣ ገጹ እንደ አዲስ ሳይጫን ከሰርቨር ጋር ለመነጋገር፣ አይደል እንዴ? ፎርሙ በተራ ሰብሚት ነው የሚሄደው።

ጋሽ_ጃቫ፦
ልጄ፣ ረጋ ብለህ አንብብ። ዊኬትን የያዝኩት ገና የአፓቺ ዋና ፕሮጀክት ሳይሆን ነው፤ የሆነው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ጆናታን ሎክ በ2004 ሲጀምረው ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ጃቫው ጃቫ ይሁን፣ ኤችቲኤምኤሉም ኤችቲኤምኤል ይሁን። ማርክአፕ (ኤችቲኤምኤሉ) ውስጥ ኢፍና ሉፕ አይጻፍም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ዊኬት አይዲ፣ ማለትም ሁለቱም ላይ የሚጻፈው ስም ነው። ጃቫው ላይ ማን በማን ውስጥ እንዳለ ማርክአፑ ላይም እንደዚያው መሆን አለበት። ያ ከተዛባ ገጹ ራሱ ይጮሃል እንጂ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቀን አያስቀምጥም። ስለዚህ ችግርህ እዚያ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው መሣሪያውን ሲመርጥ ነው። ብዙ ገጽ ላይ የሚደጋገም ነገር ፓነል ይሁን፤ የራሱ ፋይል ይኖረዋል። ከዊኬት ፓነል ታግ ውጭ ያለው ማርክአፕ ገጹ ሲሠራ አይወጣም። እዚያ የሚቀመጠው ዲዛይነሩ ፋይሉን ብቻውን በብራውዘር ከፍቶ እንዲያየው ነው። አንድ ገጽ ውስጥ ብቻ ለሚቀያየር ቁራጭ ፍራግመንት ይበቃል። ሌላውን ይዘት ዙሪያውን የሚያቅፍ፣ ለምሳሌ ርዕስና ክፈፍ ያለው ሳጥን፣ ቦርደር ነው። ከተጠቃሚው ተቀብሎ አንድ ዋጋ የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ፎርም ኮምፖነንት ፓነል ነው። ያንተ የቱ ነው? ተራ ፓነል ከሆነ ፎርሙ ውስጡ ያሉትን ድሮፕዳውኖች እንጂ ፓነሉን እንደ አንድ መጠይቅ አያየውም። ኮዱን ለጥፈው።

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ሴት ነኝ። ፎርም ኮምፖነንት ፓነል ነው። የተሞላውን ወደ አንድ ዋጋ በሚለውጠው ኮንቨርት ኢንፑት ውስጥ ሦስቱን ድሮፕዳውን ጌት ሞዴል ኦብጀክት (ሞዴሉ፣ ማለትም የኮምፖነንቱ ዋጋ ማስቀመጫ፣ የያዘውን) እያልኩ እወስዳለሁ፣ ከዚያ ቀኑን ሠርቼ ሴት ኮንቨርትድ ኢንፑት አደርጋለሁ። ድሮፕዳውኖቹን በነበረው ቀን የምሞላቸው ኮምፖነንቱ ሲፈጠር በሚጠራው ኮንስትራክተር ውስጥ ነው። ሕንጻው ሊዘጋ ነው፣ ጥበቃው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ሪአክት_ብቻ፦
በዚህ ዘመን ዊኬት? ስፕሪንግ ቡት ላይ ኤፒአይ አውጪና ፊቱን በሪአክት ሥሪው። ኮምፖነንት ማለት እዚያ ነው።

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
ነገ 3 ሰዓት ነው እኮ ያልኩት!

ጋሽ_ጃቫ፦
ዊኬት 10 በ2024 ወጥቷል፣ የሚሠራው በጃቫ 17 ነው። የሞተ ነገር አይደለም። ልጅቷን ለቀቅ አድርጋት።

ዳታቤዝ_ላይ_ነኝ፦
እኔ ከሥሩ አልስማማም። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዳታቤዝ ውስጥ አይቀመጥም። ማስላት፣ መደርደር፣ ማወዳደር ሁሉ ይበላሻል። መጀመሪያ እሱን አስተካክይ።

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
ዳታቤዙ ላይ በፈረንጅ ነው የሚቀመጠው። እንዲገባችሁ ብዬ ነው በእኛ የጻፍኩት። የሚለውጠው ኮምፖነንቱ ነው፣ ገጾቹ የሚያውቁት ሎካል ዴት (የጃቫን የቀን ዓይነት) ብቻ ነው።

ዳታቤዝ_ላይ_ነኝ፦
እንደሱ ከሆነ ጥሩ። ግን ልወጣውን በምን ነው የምትሠሪው? በእጅሽ እየደመርሽና እየቀነስሽ ከሆነ ተይው። ጃቫ ታይም (የጃቫ የራሱ የቀን ላይብረሪ) ውስጥ የጃፓን፣ የታይላንድ፣ የሂጅራ አለ፤ የእኛ የለም። ስሪቴን ኤክስትራ የሚባለው ላይብረሪ ግን ኢትዮፒክ ዴት የሚል ክላስ አለው። መሞከሪያ ልስጥሽ፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024። በእጅ የተጻፈ ልወጣ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እነዚህ ላይ ነው።

ጳጉሜ_6፦
ጳጉሜ ደመወዝ የላትም ብለን ስንቀልድባት ኖረን፣ አሁን ደግሞ የሰው የትውልድ ቀን ላይ ሄዳ ተቀመጠች 😂 ለማንኛውም ኮንቨርት ኢንፑት ውስጥ ጌት ሞዴል ኦብጀክት አይባልም። ጌት ኮንቨርትድ ኢንፑት በዪ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ዝርዝሩን ሌላ ሰው ይንገርሽ።

ኮደር_ካዛንቺስ፦
ሴት አውትፑት ማርክአፕ አይዲ ሞክረሻል?

ሌሊት_ዲባገር፦
እህቴ፣ ጳጉሜ_6 ያለውን በቀልዱ ምክንያት እንዳታልፊው። መልሱ እሱ ነው።

ፎርሙ ሰብሚት ሲደረግ መጀመሪያ የሚሠራው ማጣራት ነው። ከልጆቹ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ወላጁ ይመጣል። ድሮፕዳውኖቹ አዲሱን ምርጫ ተቀብለው፣ ወደ ትክክለኛው ዓይነት ለውጠው ይይዙታል። ሞዴላቸው ላይ ግን ገና አልጻፉትም። ቀጥሎ የአንቺ ፓነል ተራ ይደርሳል፣ ኮንቨርት ኢንፑት ይጠራል። አንቺ እዚያ ላይ ሞዴሉን ስትጠይቂ የምታገኚው የቆየውን መስከረም 5 ነው። ሞዴሎቹ የሚጻፉት ፎርሙ በሙሉ ያለ ስህተት ካለፈ በኋላ ነው። ያኔ ድሮፕዳውኖቹ ጥቅምት 10ን ይጽፋሉ፣ ፓነሉ ግን አስቀድሞ የያዘውን መስከረም 5ን ይጽፋል። ሁለተኛ ሴቭ ስትዪ ሞዴሉ ጥቅምት 10 ሆኖ ይጠብቅሻል። ሁልጊዜ አንድ ሴቭ ወደ ኋላ የምትቀሪው ለዚህ ነው። በጌት ኮንቨርትድ ኢንፑት ተኪው፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም፤ የሙከራ ገጹ ላይ እንዴት ሠራ?

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
እዚያ ድሮፕዳውኖቹ ላይ አጃክስ ነበረ፤ ሲመረጥ ወዲያው ወደ ሰርቨር ይሄድ ነበር። ደንበኛው ጋ ኢንተርኔቱ ዘገምተኛ ስለሆነ አውጥቼው በተራ ጃቫስክሪፕት ተካሁት።

ሌሊት_ዲባገር፦
ተገለጠልኝ! አጃክሱ እያንዳንዱ ምርጫ ሲለወጥ ሞዴሉን እዚያው ይጽፍ ነበር። ሰብሚት ሲመጣ ሞዴሉ አዲስ ስለነበር አልታወቀም።

የጳጉሜውም ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። ጃቫስክሪፕትሽ ወሩንና ቀኑን በአይዲ ነው የሚፈልገው፣ አይደል? ፓነሉ ኤችቲኤምኤል ውስጥ አይዲውን በእጅሽ ጽፈሽዋል ማለት ነው። ኮምፖነንቱ አንድ ገጽ ላይ ሦስት ጊዜ ሲገባ አንድ ዓይነት አይዲ ሦስት ቦታ ይወጣል። ብራውዘሩ በዚያ አይዲ ሲጠየቅ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ነው፤ እሱ ደግሞ የትውልድ ቀኑ ነው።

ኮደር_ካዛንቺስ፦
ታዲያ እኔስ ያልኩት ምን ነበር? ሴት አውትፑት ማርክአፕ አይዲ!

ሌሊት_ዲባገር፦
ብቻውን አይበቃም፣ እሷም ሞክራዋለች። ማርክአፑ ላይ አይዲ ተጽፎ ከተገኘ ዊኬት ያንኑ ነው የሚጠቀመው፣ አዲስ አያወጣም። መጀመሪያ ከኤችቲኤምኤሉ ይጥፋ፣ ዊኬት አይዲው ብቻ ይቅር። ከዚያ ያልከው ይሠራል። ዊኬት ለእያንዳንዱ የተለየ አይዲ ያወጣል፤ በጌት ማርክአፕ አይዲ ወስዳ፣ ስክሪፕት ገጹ ላይ በሚጨመርበት ሬንደር ሄድ ውስጥ ለጃቫስክሪፕቷ ታቀብላለች።

ሌላ የምለምንሽ ነገር አለ። ድሮፕዳውኖቹን ኮንስትራክተር ውስጥ አትሙያቸው። ኮንስትራክተር አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠራው። ገጹ እዚያው እያለ ሌላ ሠራተኛ ቢመረጥ ኮምፖነንትሽ የፊተኛውን ሰው ቀን ይዞ ይቀራል። ገጹ ሊታይ ሲል በሚጠራው ኦን ቢፎር ሬንደር ውስጥ ከፓነሉ ሞዴል አንብበሽ ሙያቸው፤ መጨረሻ ላይ ሱፐሩን (የወላጅ ክላሱን ሜተድ) መጥራት እንዳትረሺ፣ ግዴታ ነው። ማጣሪያው ሳያልፍ ቀርቶ ፎርሙ ቢመለስም ተጠቃሚው የመረጠው አይጠፋም፤ ድሮፕዳውኑ የገባለትን ይይዛል።

ደጋግመን የምንጠቀምበት ኮምፖነንት እንደዚህ ካልተሠራ ኮፒ ፔስቱ ይሻል ነበር። ገጹ አንድ ሎካል ዴት ይሰጠዋል፣ አንድ ሎካል ዴት ይቀበለዋል። ድሮፕዳውን ስንት እንደሆነ፣ አይዲው ምን እንደሆነ ገጹ ካወቀ ተበላሸ።

ጋሽ_ጃቫ፦
ልጄ፣ እሱ ያለሽን አድርጊ፣ ጥሩ አስረድቷል። እኔ የምጨምረው ጃቫስክሪፕቱን ብቻ እንዳታምኚ ነው። ጳጉሜ 6 የሚኖረው ዓመቱ ለ4 ሲካፈል 3 ሲቀር ነው፤ 2011፣ 2015፣ ቀጥሎ 2019። አንድ ሰው ጳጉሜ 6ን መርጦ ከዚያ ዓመቱን ወደ 2016 ቢለውጥስ? ኢትዮፒክ ዴት እንዲህ ያለውን ቀን አልቀበልም ብሎ ኤክሴፕሽን ይወረውራል። ኮንቨርት ኢንፑት ውስጥ ያዢውና ኤረር በሚለው ሜተድ «ይህ ቀን በዚህ ዓመት የለም» በዪው። ካልያዝሽው ደንበኛው ፊት ገጹ ይፈነዳል። መልእክቱም ኮምፖነንቱ ውስጥ ይሁን፣ በየገጹ አትድገሚው።

ከሜክሲኮ_ማዶ፦
አይዲውን አጥፍቻለሁ፣ አሁን ኮንቨርት ኢንፑቱን እየቀየርኩ ነው። ጥበቃው መብራት ማጥፋት ጀምሯል። ቤት ገብቼ እጨርሰዋለሁ። ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።

ጀማሪው_ነኝ፦
እህቴ ርክክቡ እንዴት ሆነ? ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ።

አዲስ_ገቢ፦
እኔም ይህን አንብቤ የራሴን የቀን ፓነል ሠራሁ፣ ተባረኩ። ለሌሎች ፕሮጀክቶች እንዲሆን ለብቻው ጃር (የጃቫ ጥቅል ፋይል) አድርጌ ሳወጣው ግን ማርክአፑ አልተገኘም ይላል። ፋይሉ ከጃቫው ክላስ ጎን ተቀምጧል፣ ስሙም ፊደል በፊደል አንድ ነው። ኢዲኢው ላይ ሳስነሳው ይሠራል።

ሌሊት_ዲባገር፦
ጃሩን ክፈተውና እይ፣ ኤችቲኤምኤሉ ውስጡ የለም። ጃሩን የሚገነባልህ ማቨን ከሜን ጃቫ ፎልደር ውስጥ የሚወስደው ኮምፓይል የሚደረገውን ብቻ ነው። ፖም ፋይሉ (የማቨን ማስተካከያ) ላይ ሪሶርስስ በሚለው ሥር ሜን ጃቫን ጨምርና የጃቫ ፋይሎቹን ኤክስክሉድ አድርግ። ሜን ሪሶርስስንም አብረህ ጻፈው፤ አንዱን በእጅህ ከጻፍክ ማቨን የራሱን ነባሪ ይተወዋል። ወይም ኤችቲኤምኤሉን በዚያው ፓኬጅ ስም ሜን ሪሶርስስ ውስጥ አስቀምጠው። የወሮቹን ስም የያዘው የፕሮፐርቲስ ፋይልም እዚያው ከሆነ አብሮ ቀርቷል፣ እሱንም እይ።